ፖል ላንዥቫን፦ የማይሰማውን ድምፅ ለሥራ ያዋለ ሊቅ

ለሰው ልጅ የሚጠቅም ሥራ ሠርተው ያለፉ ሰዎችን ታሪክ በዚህ ዓምድ በየጊዜው ስናቀርብ ቆይተናል። ለዛሬ የመረጥነው ፈረንሳዊውን የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቫንን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከመካከላችን ሕክምና የሚማሩት ጓደኞቻችን በሆስፒታል በየቀኑ የሚያዩት የአልትራሳውንድ መሣሪያ ከእሱ ሥራ የወጣ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ዕውቀት ለማን ነው፥ የተማረ ሰው ኃላፊነትስ የት ላይ ያበቃል እያልን በስብሰባም በመኝታ ክፍልም ለምንከራከርበት ጥያቄ የዚህ ሰው ሕይወት ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፖል ላንዥቫን ጃንዋሪ 23 ቀን 1872 በፓሪስ ከተማ ሞንማርትር በሚባለው ሠፈር ተወለደ። የፓሪስ ኮምዩን በደም ከተጨፈለቀ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። በእናቱ ወገን ግን ከሐኪሙ ከፊሊፕ ፒኔል ጋር ይዛመዳል። ፒኔል ሳልፔትሪየር በተባለው የፓሪስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማንን በሰንሰለት ማሰር እንዲቀርና ሰብዓዊ ሕክምና እንዲሰጣቸው በመጣሩ ስሙ የሚጠራ ሰው ነው። አንባብያን የዚህን ሆስፒታል ስም ይያዙልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ላንዥቫን በ1888፥ ገና በ16 ዓመቱ፥ የፓሪስ ከተማ ወዳቋቋመው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ ለኢንዱስትሪ የሚሆኑ መሐንዲሶችን ለማውጣት የተከፈተ ነበር። በዚያም የተማሪዎችን የቤተ ሙከራ ሥራ ይመራ የነበረው ፒየር ኩሪ ነው። ፒየር ከወንድሙ ከዣክ ጋር ሆኖ በ1880 አንድ እንግዳ ነገር አግኝቶ ነበር፤ ይኸውም እንደ ኳርትዝ ያሉ የድንጋይ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው በፊታቸው ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መሆናቸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው በጥቂቱ ይለጠጣሉ ወይም ይኮማተራሉ። ይህ ፒየዞኤሌክትሪክ የተባለው ጠባይ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከቤተ ሙከራ ውጭ ብዙ ጥቅም ሳይገኝለት ቆየ። ለትልቅ ሥራ ያበቃው ከመምህሩ የተማረው ላንዥቫን ነው።

ከዚህ በኋላ በ1894 ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ወደሚባለው ከፍተኛ የመምህራን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1897 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በካምብሪጅ በጄ. ጄ. ቶምሰን ቤተ ሙከራ ሠራ። ቶምሰን የኤሌክትሮንን መኖር ያስታወቀው በዚያው ዓመት ነው። ላንዥቫን የዶክተርነት ድርሰቱን በ1902 ስለ ጋዞች አቅርቦ፥ በ1905 የማግኔትን ጠባይ በአቶም ውስጥ ባለው እንቅስቃሴ የሚገልጽ ቲዎሪ አወጣ። በ1908 በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት የሚንቀጠቀጡበትን ምክንያት በአንድ አጭር የሒሳብ ቀመር አስረዳ፤ ቀመሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1909 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ፕሮፌሰር ሆነ። የአይንስታይንን የሬላቲቪቲ ቲዎሪ በፈረንሳይ አገር ቀድመው ከተረዱትና ካስተማሩትም አንዱ እሱ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሉዊ ደ ብሮይ ይገኝበታል።

በ1911፥ ፒየር ኩሪ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት የነበረው ላንዥቫን ከማሪ ኩሪ ጋር የነበረው ፍቅር በጋዜጦች ላይ ወጥቶ ትልቅ ወሬ ሆነ። የውጭ ሰዎችን የሚጠሉ ጋዜጦች በፖላንድ ተወላጅዋ ላይ የስድብ ዘመቻ ከፈቱባት። እሱም ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ሽጉጥ ይዞ እስከ መጋጠም ደርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥይት ሳይተኮስ ተለያዩ። ይህን የምናነሣው ሊቃውንትም እንደ ማንኛውም ሰው መሆናቸውን ላለመደበቅ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አንሄድበትም።

ጦርነቱና የማይሰማው ድምፅ

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድና የጦር መርከቦችን ከውኃ በታች እየመጡ ያሰጥሙ ጀመር። ብርሃንም ሆነ ሬዲዮ ባሕር ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ድምፅ ግን በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ1915 ስዊዘርላንድ ይኖር የነበረ ኮንስታንቲን ሺሎቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ መሐንዲስ፥ ወደ ውኃው ድምፅ ልኮ ከሰርጓጁ ተመትቶ ሲመለስ ማዳመጥ ይቻላል ሲል ለፈረንሳይ መንግሥት ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ እንዲመረመር ለላንዥቫን ተሰጠ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጆሮአችን የሚሰማው ድምፅ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። በውኃ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ትልቅ ስለ ሆነ እንደ ፋኖስ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። እንደ ባትሪ መብራት አንድ አቅጣጫ ይዞ እንዲሄድ ከተፈለገ ሞገዱ ማጠር፥ ርግብግቢቱም መብዛት አለበት። ላንዥቫን የመረጠው በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ድምፅ ነበር፤ በውኃ ውስጥ የዚህ ሞገድ ርዝመት አራት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ሰው አይሰማውም፤ አልትራሳውንድ የሚባለውም ይኸው ነው።

ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያ ሙከራቸውን በሴን ወንዝ አድርገው በሜይ 1916 የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ሥራው በኋላ ወደ ቱሎን የባሕር ኃይል ወደብ ተዛወረ። በመጀመሪያ የሠሩበት ላኪ መሣሪያ ደካማ ነበር። በ1917 ላንዥቫን የቀድሞ መምህሩን ግኝት አስታወሰ። ስስ የኳርትዝ ቁራጮችን በሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች መካከል እንደ ሳንድዊች አጣብቆ ኤሌክትሪክ ሲሰድበት፥ መሣሪያው በሙሉ በአንድነት እየተርገበገበ ኃይለኛ ድምፅ ወደ ውኃው ሰደደ። ያው መሣሪያ የተመለሰውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በ1918 መጀመሪያ ላይ ምልክት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ድረስ ለመላክ ተቻለ፤ ከሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ የተመለሰ ግልጽ የገደል ማሚቶም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። ይሁንና መሣሪያው በብዛት ተሠርቶ ሳይሰለፍ ጦርነቱ አበቃ። በሰላም ጊዜ መርከቦች የባሕርን ጥልቀት ለመለካት ተጠቀሙበት። በብረት መካከል የተጣበቀው የላንዥቫን መሣሪያ ዓይነት ዛሬም የጥርስ ሐኪም ቆሻሻ በሚፍቅበት መሣሪያና ዕቃን በድምፅ በሚያጥቡ ማሽኖች ውስጥ ይገኛል።

ዓሦቹ ለምን ሞቱ?

በቱሎን ሙከራ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ታየ። ከላኪው ፊት ለፊት በቅርብ የገቡ ትናንሽ ዓሦች ወዲያው ይሞቱ ነበር። እጁን ወደ ውኃው የሰደደ ሰውም አጥንት ድረስ የሚሰማ ሕመም ይሰማው ነበር። ላንዥቫን ይህን መዝግቦ ወደ ተሰጠው ሥራ ተመለሰ። ነገር ግን ቱሎንን የጎበኘው አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ዉድ ያየውን አልረሳም። በ1926 አልፍሬድ ሉሚስ ለሚባል፥ በቤቱ አጠገብ የግል ቤተ ሙከራ ላቋቋመ የዎል ስትሪት ባለ ገንዘብ ነገረውና ሁለቱ አብረው ጉዳዩን መመርመር ጀመሩ።

በ1927 ያወጡት ጽሑፍ አልትራሳውንድ በሕይወት ባለው ነገር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በስፋት ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዓሦችና እንቁራሪቶች ተጎዱ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የደሙ ሙከራ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት በጨው ውኃ ውስጥ ተበትነው ሲታዩ ፈሳሹ ድፍርስ ነው፤ ብርሃን በሕዋሳቱ ላይ ስለሚበተን ወዲያ ማዶ አያሳይም። ኃይለኛ አልትራሳውንድ ሲሰደድበት ግን ድፍርሱ ፈሳሽ ጥርት ያለ ቀይ ሆነ። ሕዋሳቱ ፈርሰው ቀይ ቀለማቸው ሄሞግሎቢን ወደ ውኃው ወጥቶ ነበር።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ድምፁ ራሱ ሕዋሱን አንቀጥቅጦ የሚሰነጥቀው ይመስለናል። ነገር ግን የድምፁ ሞገድ ከሕዋሱ በብዙ መቶና በብዙ ሺሕ እጥፍ ስለሚበልጥ፥ ሕዋሱ በማዕበል ላይ እንዳለ ቡሽ ከውኃው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ለብቻው አይቀደድም። ዋናው ጥፋተኛ ሌላ ነው፤ እሱም አረፋ ነው። ድምፅ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ግፊቱ በየተራ ይጨምራል፥ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ጥቂት ጋዝ ይነፋና አረፋ ይሆናል፤ ግፊቱ ሲጨምር አረፋው በድንገት ይጨመቃል። ድምፁ ኃይለኛ ከሆነ አረፋው በኃይል ተደርምሶ በዙሪያው ያለውን ውኃ እንደ ወንጭፍ ያስፈነጥረዋል። በመጨረሻዋ ቅጽበት በውስጡ የሚፈጠረው ግፊትና ሙቀት እጅግ ከፍተኛ ነው። ይህ ነገር ካቪቴሽን ይባላል። የእንግሊዙ ሊቅ ሎርድ ሬይሌይ የአረፋን መደርመስ በሒሳብ ያሰላው በ1917፥ ላንዥቫን ኳርትዙን ወደ ባሕር ባወረደበት ዓመት ነበር፤ የሬይሌይ ጥያቄ ግን የመርከብ መቅዘፊያን ብረት የሚበላው ምንድን ነው የሚል ነበር። ተመራማሪዎችም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈሳሹን በከፍተኛ ግፊት አፍነው አረፋ እንዳይነሣ ሲያደርጉ፥ ድምፁ ያው ሆኖ ሳለ የደም ሕዋሳቱ ሳይፈርሱ መቅረታቸውን አዩ። ስለዚህ ሕዋስን የሚያፈርሰው በዋነኛነት አረፋው መሆኑ ተረጋገጠ።

አረፋን በደም ውስጥ መጨመር

ሐኪሞች አልትራሳውንድን የሰውነትን ውስጥ ለማየት መጠቀም የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በግላስጎው ኢያን ዶናልድና ጓደኞቹ የማህፀንን ምስል በ1958 ባወጡ ጊዜ ያስጀመራቸው በፋብሪካ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈለግበት መሣሪያ ነበር። የሕክምናው መሣሪያ በሴኮንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ይርገበገባል፥ ምቱም አጫጭር ነው። በሰውነት ውስጥ ደግሞ አረፋ እንደ ልብ አይነሣም። እናቶች ለጽንስ ምርመራ በሚተኙበት ጊዜ ደማቸው እንደ ሉሚስ ብርጭቆ የማይፈርሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

ግን ደም በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፥ የልብን ግድግዳ ከደሙ ለመለየት አንዳንድ ጊዜ ያስቸግራል። በ1968 ግራሚያክና ሻህ የተባሉ ሁለት አሜሪካ የሚሠሩ ሐኪሞች በልብ አጠገብ መድኃኒት ሲወጉ በምስሉ ላይ እንደ ደመና ያለ ነጭ ነገር እንደሚታይ አስታወቁ። ደመናው ከመርፌው ጋር የገቡ ጥቃቅን አረፋዎች ነበሩ። ጋዝ ድምፅን ከደም ይልቅ እጅግ አድርጎ ስለሚያስተጋባ ነው። ከዚያ በኋላ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አረፋዎች መጡ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ የዋሉት መድኃኒቶች ጋዙን በፕሮቲን ወይም በስብ ስስ ሽፋን የጠቀለሉ ናቸው። መጠናቸው በአብዛኛው ከ1 እስከ 10 ማይክሮን ነው። የቀይ ደም ሕዋስ ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ስለ ሆነ፥ አረፋዎቹ ሕዋሱ በሚያልፍበት ቀጭን የደም ሥር ሁሉ ያልፋሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ጋዙ በሳንባ በኩል ከትንፋሽ ጋር ይወጣል።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል። የደም ሕዋስን የሚያፈርሰው አረፋ ነው ካልን፥ አረፋን ሆን ብሎ በደም ሥር ውስጥ ከጨመሩ በኋላ አልትራሳውንድ መልቀቅ አደጋ አይደለምን? ጥያቄው የተገባ ነው። ተመራማሪዎችም ለብዙ ዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል። መልሱ በመጠን ላይ የተመሠረተ ነው።

በብርጭቆ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች አረፋ ሲጨመር ቀይ ሕዋሳት የሚፈርሱበት የድምፅ ኃይል ዝቅ እንደሚል፥ ግፊቱ ሲጨምርና ርግብግቢቱ ሲቀንስም ጉዳቱ እንደሚበዛ ታይቷል። ደምን የሚያረጉት ፕላትሌት የተባሉት ጥቃቅን ሕዋሳትም ሊነኩ ይችላሉ። በእንስሳት ላይ ድምፁ ሲበረታ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ቀይ ሕዋሳት ሾልከው ሲወጡ ታይቷል። ነገር ግን በብርጭቆው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሕዋሱ ጥቂት፥ አረፋው ብዙ ነበር። በሰው ሰውነት ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አምስት ሊትር በሚያህለው ደማችን ውስጥ ወደ 25 ትሪሊዮን የሚጠጉ ቀይ ሕዋሳት ሲኖሩ፥ ለአንድ ምርመራ የሚሰጠው አረፋ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ለአንድ አረፋ እጅግ ብዙ ሕዋስ ይደርሰዋል ማለት ነው። አረፋው ቢፈነዳ የሚጎዳው አጠገቡ ያሉትን ጥቂቶች ብቻ ነው፤ ሰውነታችንም ያረጁ ቀይ ሕዋሳትን በየቀኑ በብዙ ቢሊዮን እየጣለ በአዲስ ስለሚተካ የጥቂቶቹ መጉደል አይታወቀውም።

ይህ ማለት ግን ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በመሣሪያው መስተዋት ላይ መካኒካል ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ይታያል። ይኸውም በሞገዱ ውስጥ ዝቅ ያለው ግፊት በሜጋፓስካል ተለክቶ፥ በሜጋኸርትዝ ለተለካው ርግብግቢት ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በአሜሪካ ለተለመደው ምርመራ ከ1.9 እንዳያልፍ ተወስኗል፤ አረፋ በተሰጠ ጊዜ ግን ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ዝቅ አድርገው ይሠራሉ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፥ አረፋ ከተሰጣቸው በኋላ በልብና በመተንፈስ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰባቸው፥ አንዳንዶቹም ስለ ሞቱ ሕሙማን ሰምቶ በመድኃኒቶቹ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አስጻፈ፤ በ2008 ማስረጃው እንደ ገና ሲታይ ማስጠንቀቂያው ላላ። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። ፈጽሞ ጉዳት የለውም ብሎ መናገርም፥ አደገኛ ነው ብሎ መሸሽም ሳይንስ አይደለም፤ ሳይንስ በምን ያህል መጠን፥ በምን ሁኔታ ብሎ ይለካል።

ዜጋው

ላንዥቫን ቤተ ሙከራውን ዘግቶ ከዓለም የተደበቀ ሰው አልነበረም። በ1920 ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ፥ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአድመኞቹ ቦታ እየገቡ እንዲሠሩ ሲደረግ በይፋ ተቃወመ። ተማሪ በሠራተኛው ላይ መሣሪያ መሆን የለበትም የሚል አቋም ነበረው። በ1922 በፈረንሳይ የጀርመን ስም በጥላቻ በሚጠራበት ወቅት አይንስታይንን ወደ ኮሌዥ ደ ፍራንስ ጋብዞ፥ እስከ ድንበር ሄዶ ተቀበለው። በ1931 የመንግሥታት ማኅበር ወደ ቻይና ከላካቸው የትምህርት አጥኚዎች አንዱ ሆኖ ሄደ።

በማርች 1934፥ በፓሪስ ፋሺስቶች ሁከት ካስነሡ በኋላ፥ ከፖል ሪቬና አለን ከተባለው ፈላስፋ ጋር ሆኖ ፀረ ፋሺስት ምሁራን የተሰለፉበትን ኮሚቴ አቋቋመ። እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት ነገር እናስታውሳለን። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 በወረረች ማግሥት፥ ከስልሳ የሚበልጡ የፈረንሳይ ምሁራን በጋዜጣ መግለጫ አውጥተው በወራሪው ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል ተከራከሩ፤ አገራችንንም ያልሠለጠኑ ነገዶች ጥርቅም አድርገው አቀረቧት። ከእነዚህ መካከል የታወቁ የአካዳሚ አባሎች ነበሩ። ሌሎች የፈረንሳይ ምሁራን በተቃራኒው ተነሥተው ወረራውን አወገዙ። የተማረ ሰው ሁሉ ከፍትሕ ጎን ይቆማል የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልከት። ዲግሪ አቋም አይሆንም። ላንዥቫን ፋሺዝምን ለመታገል የቆመው ወገን ሰው ነበር።

እስራቱና የቤተሰቡ መከራ

ጀርመኖች ፓሪስን ከያዙ በኋላ፥ ኦክቶበር 30 ቀን 1940፥ የ68 ዓመቱ ላንዥቫን ተይዞ ላ ሳንቴ በተባለው እስር ቤት ተዘጋበት። ኖቬምበር 8 ቀን ተማሪዎች በኮሌዥ ደ ፍራንስ አጠገብ ተሰብስበው መታሰሩን ተቃወሙ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ ኖቬምበር 11፥ ተማሪዎች በድል ቅስት አካባቢ ትልቅ ሰልፍ አደረጉ። የጀርመን ወታደሮች ሰልፉን በኃይል በትነው ብዙዎችን አሰሩ፤ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲም ተዘጋ። በተያዘችው ፓሪስ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ተቃውሞዎች አንዱን ተማሪዎች ለመምህራቸው ብለው አደረጉት ማለት ነው።

ሽማግሌው በእስር ቤት ወረቀትና ቀለም ሲከለከል በተቃጠለ ክብሪት እንጨት የፊዚክስ ስሌት ይጽፍ እንደ ነበረ ይነገራል። ከአርባ ቀን ያህል በኋላ ተፈትቶ ትሯ በምትባለው ከተማ በቁም እስር እንዲቀመጥ ተደረገ። ነገር ግን መከራው በልጆቹ መጣ። የልጁ የኤሌን ባል ዣክ ሶሎሞን ራሱ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ከዦርዥ ፖሊትዜርና ከዣክ ደኩር ጋር ሆኖ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች በድብቅ የሚታተም ጋዜጣ አቋቁሞ ነበር፤ የመጀመሪያው እትም የላንዥቫንን መታሰር ለሕዝብ ያስታወቀ ነው። ሦስቱም በሜይ 1942 በጀርመኖች ተረሸኑ። ኤሌን በጃንዋሪ 1943 ከ230 ሴቶች ጋር ወደ አውሽዊትዝ ተጋዘች፤ ከእነዚህ ሴቶች በሕይወት የተመለሱት 49 ብቻ ሲሆኑ እሷ አንዷ ናት። ላንዥቫንም በሜይ 1944 በአርበኞች ርዳታ ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ።

ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ተመልሶ በዚያው ዓመት የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ የተረሸነውን የልጁን ባል ቦታ ለመያዝ መግባቱ ይታወቃል። ከዚያም የፈረንሳይን ትምህርት የሚያሻሽል ኮሚሽን እንዲመራ ተሾመ። የኮሚሽኑ ሐሳብ ትምህርት የሁሉም ልጅ መብት እንዲሆን፥ እስከ 18 ዓመት ድረስም ግዴታ እንዲሆን፥ የእጅ ሥራና የአእምሮ ሥራ በእኩል ዓይን እንዲታዩ ነበር። ላንዥቫን ሥራውን ሳይፈጽም ዲሴምበር 19 ቀን 1946 ሞተ። አንሪ ዋሎን ተክቶት በ1947 ዕቅዱን አቀረበ፤ በሁለቱ ስም የሚጠራው ይህ ዕቅድ በሙሉ ሥራ ላይ ባይውልም በኋላ ለመጡት ማሻሻያዎች መነሻ ሆኗል። በኖቬምበር 1948 አፅሙ ከዣን ፔረን አፅም ጋር የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ።

መደምደሚያ

የሳልፔትሪየርን ስም እንዲይዙልን አንባብያንን ጠይቀን ነበር። በአንጎልና በደም መካከል ብዙ መድኃኒት የማያሳልፍ የተፈጥሮ አጥር አለ። በአንጎል ካንሰር የሚሠቃይ ሕመምተኛ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እያለ ወደ ዕጢው ሳይደርስ ይሞታል። በ2014 በዚሁ ሆስፒታል የሚሠሩ የፓሪስ ሐኪሞች በሕመምተኞች የራስ ቅል ላይ ትንሽ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ተክለው፥ ጥቃቅን አረፋዎችን በደም ሥራቸው ሰጥተው፥ አጥሩን ለጥቂት ሰዓታት መክፈት ጀመሩ። በድምፁ ምት የሚነፋውና የሚኮማተረው አረፋ የደም ሥሩን ግድግዳ በልክ ይገፋዋል፤ መድኃኒቱ ሾልኮ ይገባል፤ አጥሩም ተመልሶ ይዘጋል። የቱሎንን ዓሦች የገደለውና የሉሚስን ደም ያፈረሰው ኃይል፥ መጠኑ ተለክቶና ተገርቶ፥ ለሕመምተኛ በር እየከፈተ ነው። ሥራው ገና በምርመራ ላይ ያለ ቢሆንም መንገዱ ታይቷል።

ስለዚህ እኛ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ሁለት ነገር ነው እንላለን። ድምፁ መልካምም ክፉም አይደለም፤ መጠኑንና ዓላማውን የሚወስነው ሰው ነው። ላንዥቫን በቤተ ሙከራ ውስጥ መለካትን፥ ከቤተ ሙከራ ውጭ ደግሞ ወገን መያዝን ያውቅ ነበር፤ አንዱን ለሌላው ሰበብ አላደረገም። ከአገራችን ርቀን በሰው አገር የምንማር ሁሉ አንድ ቀን በእጃችን ኳርትዝ ወይም መርፌ ወይም ብዕር ይያዛል። ምን ያህል እንደምንጠቀምበት መለካት፥ ለማን እንደምንጠቀምበትም ከአሁኑ መወሰን የእያንዳንዳችን ፈንታ ነው።